የደንበኛችን ጨርቅ

መስከረም 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ የምትወጣበትን ከፍታ ሁሉ ከእግርህ ሥር ያጽናልህ እያልኩ ሰላምታዬን ካለህበት አደርሳለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው። አንተ የሰው አገር ሊፍት ትጠግናለህ፣ አክስትህ እዚህ በደረጃ ታልቃለች፤ ይኼ ፍርድ ነው?

«ለምን በስልክ አትነግሪኝም?» እንዳትለኝ። በስልክ «አለሁ፣ አለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለህ ታመልጠኛለህ። ደብዳቤ ግን ኪስህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ወሬው እንዲህ ነው። የልብስ ማጠቢያ ቤቴ ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው። ባለቤቱ በራችን ላይ ወረቀት ለጥፎ ሄደ፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ውጡ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሸሚዝ ያጠብኩበትን ቤት በአንድ ወረቀት! ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ራበኝ፣ በላሁ። ደግነቱ ሦስት መንገድ አልፎ ሌላ ቤት አግኝቻለሁ። ጠበብ ይላል እንጂ ፀሐይ ይገባዋል፤ በሱ አታስብ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፣ ብነግርህ ትስቃለህ። ከሞተው ማድረቂያ ማሽን ጀርባ ድመት ገብታለች። ግራጫ ናት፣ ግራ ጆሮዋ ተቀዷል፣ አጥንቷ ይቆጠራል። ልብስ የሚተኩስልኝን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ፤ ቀኑን ሙሉ ጉም ውስጥ ስለሚቆም «እንፋሎት» የምንለውን። እሱ «ደንበኛ» ብሎ ስም አወጣላት። «ትመጣለች፣ የምትፈልገውን ትወስዳለች፣ አመሰግናለሁ ሳትል ትሄዳለች፤ ከደንበኛ በምን ተለየች?» ይላል።

እኔም መጀመሪያ ላይ ትሂድ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ባንኮኒው ሥር ወድቃ የቀረች ቁራሽ ዳቦ ስትበላ አየኋት፤ እየበላች ዓይኗን ከእኔ ላይ አትነቅልም፣ እግሯ ደግሞ ለሩጫ ተዘጋጅቷል። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲህ የኔ ናት ብዬ ወስኛለሁ፤ እሷ ግን አልወሰነችም። ሰው ሲጠጋት ከማድረቂያው ጀርባ ግድግዳው ውስጥ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ቀኑ ሲደርስ በእጄ ካልገባች ሕንፃው እላይዋ ላይ ሊፈርስ ነው። ጥያት አልሄድም። አንተ ልጅ ሳለህ የሰፈሩ እንስሳ ሁሉ ይከተልህ ነበርና እስኪ ዘዴውን ንገረኝ።

ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጣው? ዘንድሮ ብለህ ነበር።

አክስትህ


መስከረም 22 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

እድሜና ጤና አብሮሽ ይሁን። ጉልበትሽ ይበርታልሽ፣ እጅሽ ከሥራ አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ። ይኼን የምጽፍልሽ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ሊፍቱን የሚስበው ሞተር አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ስለ ቤቱ መፍረስ በጣም አዘንኩ። እንፋሎትን ሰላም በይልኝ።

ስለ ድመቷ አዋቂ አግኝቼልሻለሁ። ከምሠራባቸው ቤቶች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ከእንስሳት ሐኪም ጋር የሠሩ ናቸው። የሳቸው ሊፍት በየሳምንቱ ይበላሻል። ሻይ የሚያጠጡትና የሚያወሩት ሰው ሲያጡ ራሳቸው የሚያበላሹት ይመስለኛል፣ ግን ማስረጃ የለኝም።

የነገሩኝ እንዲህ ነው። አታባርሪያት፣ አትጥሪያት፣ አትያዣት። ምግቧን በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ አድርጊላት። ከዚያ ወለል ላይ ተቀመጪ፣ ጀርባሽንም ስጫት። ፊት ለፊት ትክ ብለሽ ካየሻት ልትበያት የመጣሽ ይመስላታል። ዓይኗን በዓይንሽ ካገኘሽው ቀስ ብለሽ ጨፍኚና ግለጪ፤ በነሱ ቋንቋ «አልነካሽም» ማለት ነው አሉ። የራሷ የሆነ ማረፊያም ይኑራት፣ ጨርቅ ነገር። መምጣት የሷ ሥራ ነው፣ ያንቺ ሥራ መቀመጥ ነው ብለዋል።

አንቺን ቁጭ በይ ማለት ከባድ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ።

ስለ መምጣቴ፣ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። የሚመጣው ዓመት ሳይሻል አይቀርም።

የእህትሽ ልጅ


ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

የላክኸው ይድረስልህ፣ የጠየቅከውን አትጣ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ ሻይ የሚያጠጣህ ሰው በማግኘትህም ደስ ብሎኛል።

የተባልኩትን አደረግሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ማሽኖቹን አጥፍቼ ወለል ላይ እቀመጣለሁ፣ ለማድረቂያው ጀርባዬን እሰጣለሁ። አንድ ሰውዬ ኮቱን ሊወስድ ገብቶ በዚህ ሁኔታ አየኝና እንፋሎትን በሹክሹክታ «ተጣላችሁ እንዴ?» አለው። እንፋሎትም «ከኔ ጋር አይደለም፣ ከማሽኑ ጋር ነው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ልብሱን ሲያመጣ በትሕትና ነው የሚያናግረኝ።

ደንበኛችን መጀመሪያ ስትወጣ ድምጿን እንኳ አልሰማሁም። የምግብ ሳህኑ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ ሰማሁ። አልዞርኩም። አንገቴ ደነዘዘ፣ ግን አልዞርኩም። በሁለተኛው ሳምንት እስከ ሁለት ክንድ ድረስ ቀረበችኝ።

ችግሩ ምን መሰለህ? ማታ ስንለያይ ወዳጅ ነን፣ ጠዋት ስንገናኝ ባዳ። አመሻሽ ላይ አጠገቤ የበላችው ድመት ሲነጋ ጥርሷን አውጥታ ፍስስ ትልብኛለች። ሁልጊዜ ከሀ ነው የምንጀምረው። ይኼን ሲያይ እንፋሎት ትዕግሥቱ አለቀና «እኔ ላሳጥርላችሁ» ብሎ በትልቅ ፎጣ ሊይዛት ዘሎ ሄደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከክርኑ እስከ መዳፉ ቧጨረችውና ቀዳዳው ውስጥ ገባች፤ ሦስት ቀን አልወጣችም። እሱም ሦስት ቀን በአንድ እጁ ተኮሰ፣ አሁን ያፍራል። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ የተቀቀለ የዶሮ ጉበት በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል፤ ለምኑ ነው ስለው «ለሰላም» ይላል።

ሁለት ወር ተኩል ቀርቶናል። ምን ልሠራ ነው?

አንተስ ቀን አልቆረጥክም? ያለፈውም ዓመት «የሚመጣው ዓመት» ነበር።

አክስትህ


ኅዳር 1 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ዝምታዬን በክፉ አትይብኝ። ከሰውም ከሥራም ጠብ የለኝም፣ ደህና ነኝ። ብዕር አንሥቼ ብዙ ጊዜ አስቀመጥኩት።

የአራተኛ ፎቋን ሴትዮ ጠየቅኳቸው። አሰብ አደረጉና «ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ያስፈራታል፤ አክስትህ ከነጋ እስኪመሽ የምትሠራውን ሁሉ ትጻፍልህ» አሉ። ትንሽ ነገር ናት ብለሽ አትተያት። ከበር መክፈት ጀምረሽ ጻፊልኝ።

ለእንፋሎት እጅ ቅባት በሰው ልኬያለሁ።

የእህትሽ ልጅ


ኅዳር 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ካንተ አይለይ። ብዕር አንሥተህ ብዙ ጊዜ ስታስቀምጥ ብዕሩ ይደክመዋል፤ ቢያንስ አንድ መስመር እየጻፍክ አስቀምጥ።

የምሠራውን ልንገርህ። በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩን እከፍታለሁ። መብራት አበራለሁ፣ ውሃ ማሞቂያውን እለኩሳለሁ። «ደንበኛ፣ እንዴት አደርሽ?» እላለሁ፣ አትመልስም። ሳህኗን እጥባለሁ። ከዚያ ማረፊያ ይኑራት ስላልክ ከማድረቂያው አጠገብ የዘረጋሁላትን ጨርቅ አነሣለሁ። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ወፍራም ጥጥ፣ ከአንድ የሆቴል መጋረጃ የተረፈ። ሌሊቱን የተኛችበት ስለሆነ ፀጉር ይይዛል። መጀመሪያ አራግፈዋለሁ፣ ከዚያ በፈላ ውሃና በበረኪና አጥበዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ አለቀልቀዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ያችን ለሠርግ ልብስ የማስቀምጣትን ሽቶ ያለው ማለስለሻ ጠብ አደርግበታለሁ። እንፋሎት ይተኩሰዋል። አራት አድርጌ አጥፌ ቦታው ላይ እመልሰዋለሁ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። በዚህ ሰፈር እንደሷ ንጹሕ አልጋ ያለው ሰው የለም፣ እኔን ጨምሮ።

ከዚያ የደንበኞችን ልብስ እረከባለሁ፣ እስከ ማታ ያው እንደምታውቀው ነው። አይታይህም? ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። ሴትዮዋ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ።

ወር ከሃያ ቀን ቀረን። መቼ እንደምትመጣ አሁንም አልነገርከኝም።

አክስትህ


ኅዳር 18 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

እጆችሽ ይባረኩ፣ ግን ትንሽ ይረፉ።

ደብዳቤሽን ለሴትዮዋ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። «በረኪና» ስል ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ማለስለሻ» ስል እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አራት አድርጌ አጥፌ» ጋ ስደርስ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይቅርታ አድርጊልን።

ነገሩ ይኼ ነው። ድመት ቤቷን የምታውቀው በዓይኗ አይደለም፣ በጠረኗ ነው። ጉንጯን ታሻሻለች፣ ትተኛበታለች፣ በዚያ «እዚህ እኔ ነበርኩ፣ ምንም አልሆንኩም» ብላ ትጽፋለች። አንቺ በየጠዋቱ የጻፈችውን በፈላ ውሃ ትሰርዢዋለሽ። ስትመለስ የማታውቀው ሰው አልጋ ላይ የተኛች ይመስላታል፣ ያውም አፍንጫ በሚቆርጥ ሽታ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከሀ የምትጀምረው። ይኼን ስህተት ከአንቺ በቀር ማንም አይሠራውም አክስቴ።

ጨርቁን አትንኪው። ይቆሽሽ፣ ይጨማደድ፣ ፀጉር ይልበስ። ክዳን ያለው ቅርጫት ፈልጊና ጨርቁን እንዳለ ውስጡ አንጥፊው፤ ክዳኑ ክፍት ይሁን። ምግቧን ቀስ በቀስ ወደዚያ አስጠጊ። የመሄጃው ቀን ሲደርስ ቤቷን ይዛ ነው የምትሄደው።

ስለ ጠረን እኔም ሌላ የምለው ነበረኝ። ሆድ ይፍጀው።

የእህትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

በያለህበት መልካም ሰው አይጥፋብህ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው «እጅሽ ንጹሕ ነው» ሲለኝ ኖሮ በድመት ልከሰስ? ከዚያ ዝም ብዬ ጨርቁን ተውኩት። ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ፈተና አላየሁም። ግራጫ ፀጉር እያበቀለ እዚያ ተቀምጦ ያየኛል፣ እጄ ይበላኛል። እንፋሎት «እግዜር ያጽናሽ» እያለ ያልፋል።

በሦስተኛው ጠዋት ፍስስ አላለችብኝም። በስምንተኛው ቀን ትልቁ ማሽን እየዞረ እሷ ጨርቁ ላይ ተኝታ አገኘኋት። በአሥራ አንደኛው ጀርባዬን ሰጥቼ እንደተቀመጥኩ አንድ ቀላል ነገር ወገቤን ነካኝ። ጭንቅላቷ ነበር። ከዚያ አንድ ጣቴን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋሁላት፣ አሽታ ጉንጯን አሻሸችው። አልቅሻለሁ፣ ምን አስዋሸኝ! ቅርጫቱ ውስጥ ግን ገና አልገባችም። ምግቧን አፉ ላይ ትበላና ትመለሳለች። ሃያ ቀን አልቀረንም።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። «ሆድ ይፍጀው» ያልከውን ሦስት ቀን ሳሰላስለው ከረምኩ፤ በአራተኛው ቀን ሸሚዝ እያጠብኩ እጄ ውሃ ውስጥ ቀረ።

የዛሬ ሦስት ዓመት እናትህ ያረፈች ጊዜ ለቀብሩ መድረስ አልቻልክም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅከኝ፤ ትለብሰው የነበረውን ቡናማ ሹራብ ላኪልኝ አልክ። እኔም ላክሁልህ። በለብታ ውሃ አጥቤ፣ እንዳይለጠጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አድርቄ፣ ክርኑን ሰፍቼ፣ ተኩሼ፣ አራት አጥፌ። ከሁሉ የተሻለውን ሥራዬን ነበር የሠራሁልህ። አንተም «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብለህ ጻፍክ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤህ ሁሉ አጭር ሆነ።

ልጄ፣ እሽጉን ስትከፍተው ምን ሸተተህ? እውነቱን ንገረኝ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

በዚህ ደብዳቤሽ «መቼ ትመጣለህ» አላልሽም። ሁለት ጊዜ አገላብጬ ፈለግኩት።

ሳሙና ነው የሸተተኝ። ጥሩ ሳሙና። እሽጉን ይዤ ሰው ወደሌለበት፣ ሞተር ክፍል ወጣሁ፤ በሩን ዘግቼ ከፈትኩትና ፊቴን ቀበርኩበት። እናቴ የለችም። በመጨረሻዋ ቀን ያልደረስኩ ልጅ፣ ቢያንስ ጠረኗን አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያኔ በአንቺ ላይ የተቆጣሁትን ቁጣ በማንም ላይ ተቆጥቼ አላውቅም። ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ፤ «አመሰግናለሁ» ብቻ ወጣኝ። አንቺ ክርኑን ሰፍተሽ ልከሽልኝ ምን ልበል? ቁጣ ደግሞ ካልተናገሩት ወደ ሌላ ይዞራል። ሹራቡን ሻንጣ ሥር ወረወርኩት፤ መምጣቱንም ከዓመት ዓመት ገፋሁት። ሥራ አልነበረም፣ እንደሱ ብዬ የዋሸሁሽን ይቅር በይኝ። በሩን አንቺ ትከፍቺልኛለሽ፣ ቤቱ ሁሉ ታጥቦ ይጠብቀኛል፣ እሷ በአንድም ጥግ አትኖርም ብዬ ፈርቼ ነው።

ይኼን በመጻፌ ቀለለኝ፤ አንቺን ከብዶሽ እንደሆነ ግን አላውቅም። ስለ ድመቷ ጻፊልኝ፤ ሴትዮዋም በየቀኑ ይጠይቁኛል። ቀኗ መድረሱን እኔም እየቆጠርኩ ነው።

የእህትሽ ልጅ


ጥር 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

የተናገርከው አፍህ ይባረክ። ከበደኝ፣ ግን ከዝምታው ይቀላል።

እናትህ ያረፈች ሳምንት ቤቷ ገባሁና ያየሁትን ጨርቅ ሁሉ አጠብኩ። መጋረጃ፣ አንሶላ፣ የእጅ ፎጣ፣ ሹራብ። ሰዎች «ብርቱ ናት» አሉኝ። ብርታት አልነበረም። እህቴን ላድናት ያልቻልኩበትን እጅ የት ላስቀምጠው? ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። የጠፋው ያንተ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ከዚያ ሳምንት በኋላ ቁም ሣጥኗን ከፍቼ አሽትቼ ነበር፣ ምንም የለም። ለማንም አልተናገርኩም። በደልኩህ፣ ይቅር በለኝ።

አሁን የደንበኛችንን ልንገርህ። የወጣነው ታኅሣሥ 29 ነው። ከጠዋት ጀምሮ ተሸካሚዎች ማሽኖቹን፣ ባንኮኒውን፣ መደርደሪያውን አወጡ። የቀረው የሞተው ማድረቂያና ቅርጫቱ ብቻ ነበር። እሷ በግርግሩ ደንግጣ ቀዳዳዋ ውስጥ ገብታለች። የሕንፃው ዘበኛ ጆንያ ይዞ መጣ። «እማማ፣ አስር ሰዓት ላይ በሩን እዘጋለሁ፤ ልክተታትና ይለቅልዎ» አለኝ። እንፋሎት ክንዱን ገልጦ ጠባሳውን አሳየው። «አትሞክራት ወንድሜ፤ እኔ የዚህ ትምህርት ምሩቅ ነኝ» አለው።

ሁሉንም አስወጣኋቸው። በባዶው ቤት ባዶ ወለል ላይ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ልጠራት ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ። ዘጠኝ ሲሆን ተስፋ ቆረጥኩ፤ በጆንያ ይያዛት ልበል ወይስ ትቻት ልሂድ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት መውጣቷን ሰማሁ። ቤቱን ዞረችው። ባንኮኒው የነበረበትን አሸተተች፣ የለም። የማሽኑን ቦታ አሸተተች፣ የለም። ግድግዳ ለግድግዳ ሄዳ ሄዳ ቅርጫቱ ጋ ደረሰች። እዚያ ቆማ ረጅም ጊዜ አሸተተች። ከዚያ ገብታ ያንን የቆሸሸ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ዞረችበትና ተኛች። ክዳኑን ስዘጋው ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ቀስ አድርጋ ጨፈነች።

እንፋሎት ቅርጫቱን ሦስት መንገድ ሙሉ እንደ እንቁላል ተሸክሞ ሄደ። በመንገድ ያገኘውን ሁሉ «ዞር በሉ፣ ደንበኛ ይዣለሁ» እያለ ነበር።

አዲሱ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ከቅርጫቷ አልወጣችም። በሦስተኛው ወጥታ የጠረጴዛውን እግር በጉንጯ አሻሸች፣ የበሩን መቃን አሻሸች፣ የእንፋሎትን ጫማ ሳይቀር። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጥታ ቀሚሴ ላይ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አሻሸችና ጭኔ ላይ ወጣች። ጉሮሮዋ ውስጥ ትንሽ ሞተር ያለ ይመስላል፣ አንተ ብትሰማው ታውቀዋለህ። ያንን ቀሚስ እስከ ዛሬ አላጠብኩትም።

ከላይ አንዲት ክፍል አለች፣ ደረጃዋ አጭር ነው። መቼ ትመጣለህ ብዬ አልጠይቅህም።

አክስትህ


ጥር 14 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ደብዳቤሽን ለሴትዮዋ አነበብኩላቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያልሽው ጋ ክንዴን ያዙኝ። ሲያበቃ አለቀሱ፣ ከዚያ ሊፍታቸው ዳግመኛ እንደማይበላሽ ቃል ገቡልኝ። አላመንኳቸውም።

አንቺን ይቅር የምልበት ነገር የለኝም፤ እኔም ቁም ሣጥኑን ብከፍተው ኖሮ አብረን ባለቀስን። የካቲት 9 ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ፤ ቲኬቱን ዛሬ ቆርጫለሁ። ሹራቡን ከሻንጣ ሥር አውጥቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ልብሴ ሥር ለብሼዋለሁ። ሳሙናው ጠፍቷል። አሁን የላቤና የግሪስ ሽታ ነው ያለው፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የሴትዮዋ ሻይ ፈስሶበታል። እንደለበስኩት ነው የምመጣው፤ እባክሽ አታጥቢው።

የእህትሽ ልጅ